የሰይድ ጆሮ

ቢቸና፣ ጋሽ አለኸኝ ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አብሮኝ የገባ ሌላ ጀማሪ ነበር፤ ሰይድ፣ የሞጣ ነጋዴ ልጅ። ጋሽ አለኸኝ አንድ መኪና አስነስተው «ሞተሩ ውስጥ የሚንኳኳው የቱ ጋ ነው?» አሉን። እኔ እንዳሳዩን የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። ሰይድ መዳፉን ሞተሩ ላይ ጣል አድርጎ ቆመ። ተደግፎ የሚያርፍ መስሎኝ ነበር። ቀድሞኝ «እዚህ ጋ» አለ፤ ልክ ሆነ።

«ይሄ ልጅ ጆሮ አለው!» አሉ ጋሽ አለኸኝ።

ቅናቴ የጀመረው ያኔ ነው። ካምቢዮ አውርዶ በመግጠም፣ ፍሬን በመሥራት ከሰይድ እበልጥ ነበር፤ ብሎን አይተርፈኝም፣ የሠራሁት አይመለስም። ይህን ግን ማን ያወራዋል? ሾፌሩ ሁሉ «ያን ጆሯሙን ጥሩልን» ነው። ቅናት የአጥንት ነቀዝ ነው ይላሉ ቀሳውስቱ። የእኔን አጥንት ሲበላው በደንብ ይታወቀኝ ነበር።

ጋሽ አለኸኝ ሲሞቱ ሰይድ ሞጣ የራሱን ጋራዥ ከፈተ፣ እኔ ቢቸና፣ ጋሽ አለኸኝ ጋራዥ ቀረሁ። እፎይ አልኩ። ከቢቸና ሞጣ የሚመላለሰው የጋሼ ሞላ አሮጌ ሚኒባስ የመጀመሪያ ደንበኛዬ ሆነ። ጋሼ ሞላ ያመኑትን ጋራዥ የቢቸና ሾፌር ሁሉ ያምነዋል።

አምና ይህ ሚኒባስ ድምፅ አመጣ። «ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ ከኋላ ጓ ይላል» አሉኝ። ይዤው ዞርኩ፤ ዝም። አሞርቲዛተር ቀየርኩ፣ የጭስ ማውጫውን፣ የማርሚታውን ማንጠልጠያ አጠበቅሁ፣ የኋላውን ክብደት የሚሸከመውን የብረት ንብርብር፣ ባሌስትራውን፣ ከሥር ገብቼ አየሁ። ዝም። ጋሼ ሞላ ግን ተመልሰው መጡ።

«ኧረ ብሶበታል፣ ይኸው ጓ ይላል! ተሳፋሪው እኮ ፈርቶ እየወረደብኝ ነው።»

ደጋግመው ከተመለሱ በኋላ ፊቴን ማየት አፍረው «አይክፋህ ልጄ፤ ነገ ሞጣ ስደርስ ሰይድ ይስማልኝ» አሉ።

እሳቸው ከሄዱ ሌላውም ይከተላል። «አብሬዎት እሄዳለሁ» አልኳቸው። ለመማር አልነበረም፤ ሰይድም ሲያቅተው ለማየት ነው።

ቀኑ የሞጣ ገበያ ነበር። መኪናው በሰውና ጤፍ በተሞላ ማዳበሪያ ጢም ብሎ ሄድን፤ ቁልቁለቱን ስንጀምር ጓ አለ! ያኔ ገባኝ፤ የሚጮኸው ሲጫን ብቻ ነው። ጋሼ ሞላ ጋራዥ ሲመጡ ጭነቱን አራግፈው፣ ወንበሩን ጠርገው፣ መኪናውን አሳጥበው ነው። የአክብሮታቸው ነው። ሁላችንም እንዲያ ነው የለመድነው፤ በማዳበሪያ የተሞላ መኪና ጋራዥ ማስገባት ነውር ነው።

ሞጣ ደርሰን ሰው ሲወርድ «ማዳበሪያው እንዳይነካ!» አልኩ። በዚህች ሰይድን የቀደምኩት መሰለኝ።

ጋራዡ ስንደርስ ሰይድ «አንተ ንዳው» አለኝና ከኋላ፣ ማዳበሪያዎቹ መሃል፣ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ቁልቁለት ይዤ ፍሬን ረገጥኩ። ጓ! «ሰማኸው?» አልኩት። ዝም። «ሰማኸው ወይ?» ዝም። ኩራቱ ነው ብዬ ተናደድኩ። መኪናውን አቁሜ ዞርኩ። ሁለት መዳፉን ወለሉ ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፍኗል።

ትከሻውን ነካሁት። «የኋላ ግራ ባሌስትራ ነው» አለ። ቀጥሎም ቀስ ብሎ «ስትጠራኝ ነበር እንዴ? ቀኝ ጆሮዬ ከልጅነቴ ጀምሮ አይሰማም። ግራውም ደካማ ነው» አለኝ።

«ታዲያ ያ ሁሉ ጆሮ አለው መባል?»

«እኔ የማውቀው በእጄ ነው። መጀመሪያ ጋሽ አለኸኝ ያባርሩኛል ብዬ ዝም አልኩ። በኋላማ ስም ወጣልኝ፤ እንዴት ብዬ ልናገር?»

ባሌስትራውን ስንፈታ ንብርብሩን የሚይዘው የመሃል ብሎን ተቆርጧል። ውስጥ ስለሚደበቅ ከሥር ሆኖ አይታይም። ጭነት ኖሮ ፍሬን ሲያዝ የኋላ ጎማዎቹን የያዘው አክስል እየተንሸራተተ ነበር የሚጮኸው። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ተሳፋሪ እንደጫነ ገደል ይገባ ነበር።

ጋሼ ሞላ ሰይድን አቅፈው «ጆሮህን አይንሳህ!» ብለው መረቁት። «አሜን» አለ ሰይድ፣ ወደ እኔ እያየ። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። ዛሬ የምጽፈው ራሱ «ጻፈው፣ አሁን ማን ያባርረኛል?» ስላለኝ ነው።

ጋሼ ሞላ አሁን የሚያሠሩት ሞጣ ነው፤ ብዙዎቹም ተከትለዋቸዋል። ማዳበሪያው እንዳይነካ ያልኩት እኔ መሆኔን የሚያስታውስ የለም። ሰው ሳያየኝ አንዳንዴ መዳፌን የሚሠራ ሞተር ላይ አሳርፋለሁ። ሙቀቱን ብቻ ነው የሚነግረኝ።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ የሚጮህ መኪና ሲመጣላችሁ ጭነቱን ሳታራግፉ መርምሩት። የሰይድን እጅ ከየት እንደምታመጡ ግን አላውቅም። እኔ ያን ሁሉ ዘመን በማይሰማ ጆሮ ቀናሁ፤ አሁን የምቀናው በእጁ ነው።