ከቀኝ ትከሻው በላይ የቆመው ማይክ

የአክስቴ ባል በጡረታ በተሸኘበት ቀን መድረክ ላይ ወጥቶ ጊታር ተጫወተ። ይህን ስናገር ሰዎች ሙዚቀኛ ይመስላቸዋል። አልነበረም። ካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ንድፍ ሲያነሣ የኖረ፣ ከደረት ኪሱ ሦስት ዓይነት እርሳስ የማይጠፋ ሰው ነበር። ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። ከሥራ ሲመለስ ኮቱን ይሰቅላል፣ እጁን ይታጠባል፣ ከዚያ መስኮቱ ሥር ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጦ እራት እስኪደርስ ይጫወታል። አክስቴ በዚያ ሰዓት ወጥ ቤት ናት። እኔ ያኔ ዩኒቨርሲቲ እየተማርኩ እነሱ ዘንድ ነበርኩና፣ ምንጣፉ ላይ ደብተሬን ዘርግቼ ከፊቱ እቀመጣለሁ።

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ለሽኝቱ «ጊታርህን ይዘህ ና» ሲሉት እምቢ ይላል ብለን ነበር። እሺ አለ። ምክንያቱን የነገረኝ ለእኔ ብቻ ነው፤ ጫማውን እየጠረገ፣ ቀና ሳይል።

«አክስትህ እኮ ሰምታኝ አታውቅም።»

«በየቀኑ አይደል እንዴ የምትሰማህ?»

«በግድግዳ ነዋ። ከወዲያ ድስቱ እየተንተከተከ። አንድ ቀን እንኳ እኔ የምሰማውን ትስማልኝ።»

«ታዲያ ነይ ቁጭ በይና አዳምጪኝ አትላትም?»

«ሠላሳ ዓመት ያላልኩትን አሁን ምን ብዬ?»

ሽኝቱ ከሰዓት በኋላ ስለነበር ጠዋት ለሙከራ አዳራሹ ሄድን። የድምፅ ባለሙያው ረጅም ቀጭን ሰው ነው፤ ከአንገቱ ገመድ ስለማይለይ ሽቦው ይሉታል። ሳንቲም የምታህል የድምፅ መቀበያ ከጊታሩ ሆድ ላይ ለጠፈና ገመዷን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘ። ጋሼ አንድ ጊዜ መታ። የወጣው ድምፅ ጣሳ ላይ የተወጠረ ላስቲክ ነው።

«ይሄ የማን ነው?» አለ ጋሼ።

«የእርስዎ ነዋ።»

«የእኔ አይደለም።»

ሽቦው ቁልፎቹን ሲያዞር ቆየ። ቀጭኑን ድምፅ ቀነሰ፣ ወፍራሙን ጨመረ። ላስቲኩ ወፈረ እንጂ ላስቲክነቱን አልተወም። ስለዚህ መቀበያዋን አንሥቶ ማይክ አመጣና በጊታሩ ቀዳዳ ፊት ለፊት አቆመ። አዳራሹ እንደ ባዶ በርሜል አጉረመረመ፣ ቀጥሎ አፏጨ። ወለል ሲወለውሉ የነበሩት ሴትዮ ጆሯቸውን ይዘው ወጡ። ሽቦው ማይኩን ወደ ጎን ሳበው፤ የጊታሩ አንገት ከሆዱ ጋር ወደሚገናኝበት፣ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ አድርጎ። ይሄኔ እኔ ከወንበሬ ተነሣሁ። የጣቶቹ መንሸራተት እንኳ ይሰማል። ማታ ማታ ምንጣፉ ላይ ሆኜ የምሰማው ራሱ ነው።

«ይሄ ነው» አልኩ። «በቃ አትንካው።»

ጋሼ እንደማዘን ብሎ አየኝ። «ይሄ ደግሞ የማን ነው?»

በዚህ መሃል አክስቴ የተተኮሰ ሸሚዙን ይዛ ደረሰች። ቆማ አዳመጠች።

«ምነው እንዲህ ይቧጭራል? የኛው እኮ ለስለስ ያለ ነው» አለች። ሸሚዙን ልትሰቅል ኮሪደሩ ውስጥ ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው። ከበሩ ጀርባ ድምፅዋ መጣ፦ «አሁን ገና። አሁን እሱ ሆነ።»

ሽቦው እኔን አየ፣ እኔ ሽቦውን። ጋሼ፣ አክስቴና እኔ ስለ አንድ ጊታር የምናወራ መስሎን ነበር።

አክስቴ ሌሎቹን ሴቶች ልታግዝ ወጣች። ጋሼ ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋደመ። ዝቅ ባለ ድምፅ «ጆሮዬ ሄዶ ይሆን እንዴ?» አለኝ። እኔም ያንኑ እየፈራሁ ነበር። «ይህን ይዤማ አልወጣም። ሌላ ሰው ልታዳምጥልኝ ነው እንዴ የጠራኋት?»

ሽቦው መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና፣ «ጋሼ፣ ቤትዎ ሲጫወቱ ጆሮዎ የት ነው?» አለ።

«የት ይሆናል፣ እዚሁ እራሴ ላይ ነዋ።»

«እሱንማ አየሁት። እኔ ጊታሩን ከፊት ነው የማዳምጠው፤ ልጁም ከፊት ነው። እርስዎ ግን ከላይ ነዎት።»

ሄዶ ከጋሼ ጀርባ ቆመ፣ ጎንበስ አለና ቀኝ ጆሮውን ከጋሼ ቀኝ ጆሮ ጎን አደረገ። አንድ ስልክ ለሁለት የሚያዳምጡ ይመስሉ ነበር። «ይምቱ» አለ። ጋሼ መታ። ሽቦው ሄዶ ሌላ ቀጭን ማይክ በረጅም መቆሚያ አመጣና ከጋሼ ቀኝ ትከሻ በላይ፣ ከጆሮው ሥር፣ ወደ ጊታሩ ቁልቁል እንዲያይ አድርጎ አቆመው። እንዳያፏጭ ማጉያዎቹን ወደ ፊት አርቆ አዞረ። ከዚያ የወጣው ድምፅ እኔ የማላውቀው ነው፤ ወፈር ያለ፣ ከታች ከእንጨቱ የሚነሣ፣ ጫፍ ጫፉ የደበዘዘ።

ጋሼ አቆመ። «ይቺ ናት» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

እሱ ሸሚዙን ሊቀይር ሲሄድ ሽቦው በጣቱ ጠራኝና የቀዳውን በጆሮ ማዳመጫ አሰማኝ። ከጊታሩ ጎን ሰው አለ። ጋሼ ያንጎራጉራል። ዘፈን አይባልም፤ በምት የሚያንኮራፋ ሰው ዓይነት፣ ከዜማውም ትንሽ ፈቀቅ ያለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከፊቱ ተቀምጬ ይህን ሰምቼ አላውቅም። ወይም እየሰማሁ ጆሮዬ ሲጥለው ኖሯል።

«ያውቃል?» አለኝ ሽቦው።

«አይመስለኝም።»

«ልንገረው?»

ብንነግረው አፉን ይዘጋል፤ አፉ ሲዘጋ ጣቱም ይታሰራል ብዬ ሠጋሁ። ባንነግረው መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ይስቅበታል። «ተወው» አልኩ። ለእሱ ብዬ ይሁን ንገረው ለማለት አፍሬ፣ እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። አክስቴ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች፣ እኔ ከኋላዋ። ጋሼ እንደጀመረ ሦስተኛው ረድፍ አካባቢ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሌሎችም ተከተሉ። ቆይቶ ጸጥ አለ፤ ወይ ለመዱት፣ ወይ አዘኑለት። እኔ ጊታሩን ጭራሽ አልሰማሁትም። የምሰማው ማንጎራጎሩን ብቻ ነው። የአክስቴ ማጅራት ግን ንቅንቅ አላለም። ሲጨርስ ሁሉም ቆሞ አጨበጨበ፤ ጡረታ ለሚወጣ ሰው መቼም ይጨበጨባል፣ ከሱ ምንም መረዳት አይቻልም።

ወርዶ በቀጥታ እሷ ጋ መጣ።

«ሰማሽው?»

«ሰማሁት።»

«እሱ ነው እንግዲህ። ሁልጊዜም እሱ ነው።»

«እሺ» አለችና ኮሌታውን አስተካከለችለት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ቀድሞው ቀጠለ፤ እሱ መስኮቱ ሥር፣ እሷ ወጥ ቤት። የተቀየረው የኔ ጆሮ ነው። ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብዬ ያንን የማውቀውን ጊታር ብፈልገው ብፈልገው አጣሁት፤ በየት በኩል ባዳምጥ ማንጎራጎሩ ይቀድመኛል።

ጋሼ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ባለፈው ሳምንት አክስቴን ልጠይቃት ሄጄ፣ የደረቀ ልብስ ስታጥፍ አገኘኋትና ሲከነክነኝ የኖረውን አወጣሁት።

«ያን ቀን ሰዎቹ ሲስቁ አፍረሽ ነበር?»

«ለምን አፍራለሁ?»

«ሲያንጎራጉር ነበር እኮ። እኔ ቀድሜ አውቄያለሁ፣ አልነገርኩትም። እሱ ጊታሩን በደንብ ትስማልኝ ብሎ ለፍቶ፣ እኔ አበላሸሁበት እያልኩ ነው የኖርኩት።»

«ጊታሩንማ ድሮስ መች አጣሁት?» አለች። የትራስ ልብሱን አጥፋ ለጥ አደረገችው። «የራሱን ድምፅ ነው እስከዚያ ቀን ያልሰማሁት። ሰውዬው ዜማ የሚባል ነገር አያውቅም እኮ። ሠላሳ ዓመት ሸሽጎኝ።» ሳቋ አመለጣት። «አንተስ ከፊቱ ተጎልተህ ምን ስትሰማ ነበር?»

«እኔንጃ» አልኳት፣ አንሶላውን ስትዘረጋው ሌላኛውን ጫፍ ያዝኩላት።