የተጋደመው ሽቦ

ከካራቆሬ እስከ ደብረ ሲና ሬዲዮ ተበላሽቶበት ወደ እኔ ያልመጣ ሰው ቢኖር፣ መጀመሪያውኑ ሬዲዮ ያልነበረው ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ አስተማሪዎቼ የፈታታኋቸው ሬዲዮኖች ናቸው። ዛሬ ጠዋት ከባጃጅ ጋራዡ የብየዳ ጭስ ሲሸተኝ ወጣትነቴ መጣብኝ።

ያኔ ሸዋ ሮቢት ውስጥ የምሠራባት የቆርቆሮ ክፍል ከብየዳ ቤት አጠገብ ነበረች። ከአጥሩ ወዲያ እህል ነጋዴው ሐጂ ይኖራሉ። ካዩዋት ሰባት ዓመት ያለፋቸው ልጃቸው በባሕር ማዶ ጣቢያ በአማርኛ ዜና ታነብ ነበር። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ሩብ ሰዓት ብቻ። በያጁ ብረቱን በነካ ቁጥር ግን ሬዲዮናቸው እንደ ጋለ ዘይት ይንጣጣል፤ ድምጿ ይዋጣል። ሐጂ ለምነውት ለጥቂት ቀናት እጁን ሰበሰበላቸው፤ ሥራ ሲበዛበት ግን እኔም የማሳድገው አለኝ አላቸው።

ሐጂ ወደ እኔ መጡ። «ጉራህን ስሰማ ዓመት ሞላኝ። እስቲ ልጄን አሰማኝ» አሉ።

ሳላሰማዎት የሌላ ሰው ሬዲዮ አልነካም ብዬ ማልኩ። ሁሉም እንደሚያደርገው ረጅም የባሕር ዛፍ ምሰሶ አቁሜ የአንቴናውን ሽቦ ከጫፉ ቁልቁል ለቀቅኩት። መንጣጣቱ ባሰ። ሌላ እንጨት ቀጠልኩበት፤ ይብስ ጮኸ። በሦስተኛው ቀን ደግሜ ልቀጥል ምሰሶውን ከነሽቦው መሬት ላይ ሳጋድመው፣ ክፍት የነበረው ሬዲዮ ድንገት ጠራ፤ ዘፈን ወጣ።

ሐጂ «በያጁ ሥራ ያቆመ መሰለኝ» አሉ። ዞር ስል ሰማያዊው ብልጭታ አጥሩ ላይ ይጨፍራል።

ያን ጊዜ ገባኝ። ከቅርብ የሚነሣ የብልጭታ ጩኸት ሞገዱ ባመዛኙ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይመጣል፤ የቆመ ሽቦም አጥብቆ ይቀበለዋል። ከሩቅ፣ ሰማይ ነክቶ የሚመለሰው ድምፅ ግን እየተገላበጠ፣ አንዴ ቆሞ አንዴ ተጋድሞ ስለሚደርስ የተጋደመውም ይይዘዋል። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ሽቦውን በሁለት የማንጎ ዛፎች መካከል ወጠርኩት።

በያጁ ብቅ ብሎ «ሐጂ፣ ይሄ ልጅ ልብስ ማስጫ ነው እኮ የዘረጋልዎት» አለ።

ሐጂ ጣታቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት፤ እሱም ወደ ብየዳው ተመለሰ። ብልጭታው እየጨፈረ ልጅቷ ዜናውን ጨርሳ ስሟን ተናገረች፤ የአባቷንም አስከተለች።

«ጠራችኝ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ እስከ ማጀቴ ድረስ የቆመ ሽቦ ሁሉ አጋድሜአለሁ። በያጁን ራሱን ሬዲዮ አስገዝቻለሁ። ሞቷል የተባለ ስንት ሬዲዮ አስነሥቻለሁ። አንድን አባት ስሙን ከልጁ አፍ አሰምቻለሁ። ጣቢያው ተዘግቶ፣ ሐጂም አልፈው፣ ያንን ሽቦ ሁለት ጊዜ አድሼዋለሁ፤ ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ልብስ ያሰጡበታል።