ባሕሩ ነፋስ አለው

ትናንት ከሰዓት በኋላ ዮሐንስ ቴርሞስ ሊዋስ መጣ። ፖርት ሱዳን ወደብ ላይ ጆንያ የሚያወርድ፣ ምሳውን እኔ ምግብ ቤት የሚበላ የጎንደር ጎረምሳ ነው። ዛሬ ዓርብ ስለሆነ ከጓደኞቹ ጋር ሰዋኪን ወርዶ ሊዋኝ፣ ዓሣ ጠብሶ ሊበላ አቅዷል። ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ቴርሞሱን ከመደርደሪያ ላወርድለት እጄን ዘርግቼ ሳለሁ አፌ በራሱ ጊዜ ተናገረ።

«ነገ ባሕሩ ነፋስ አለው ይላሉ። ለሌላ ዓርብ ብታደርጉት ምን አለበት?»

ዮሐንስ ዓይኑን ወደ ጣራው ሰቅሎ በረጅሙ ተነፈሰ። «እትዬ ትርሲት፣ እርስዎም ጀመሩ? አንዱ መኪናው ተበላሽቷል ይለኛል፤ አንዱ ስልክህን ላስጠግንልህ ብሎ ወስዶ አስቀረብኝ፤ እርስዎ ደግሞ ነፋስ! ባሕር ነፋስ የማይኖረው መቼ ነው?»

ቴርሞሱን ሳይወስድ ወጣ። እኔም እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። ያን አተነፋፈስ አውቀዋለሁ። በሃያ ዓመቴ ካርቱም ላይ ስንት ጊዜ እንደዚያ እንደተነፈስኩ እኔና የያኔው ሰፈሬ ሳጃና ነን የምናውቀው።

አሁን የምኖረው ከባሕሩ ብዙም ሳልርቅ ነው። ጦርነቱ ካርቱምን ሲያተራምስ ሰው ወደሸሸበት ሸሸሁ፤ እዚሁ ቀረሁ። ማለዳ ዓሣ ልገዛ ስወርድ ባሕሩን አየዋለሁ፣ ማየት ከተባለ። ሰው በየቀኑ ፊቱ ያለውን ነገር አያይም። ያን ጊዜ ግን ይህንኑ ባሕር ለማየት ያልሆንኩት አልነበረም።

ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር፣ አንድ ሱዳናዊ ሐኪም መኖሪያ ቤት በሠራተኝነት ተቀጥሬ ነበር። በታኅሣሥ ቤተሰቡ ካይሮ ሊሄድ ሲነሣ መዳሟ «አንቺም ኢጃዛሽን ውሰጂ» አለችኝ። ኢጃዛ የሥራ ዕረፍት ነው። ካርቱም ከገባሁ ጀምሮ ስሙን ብሰማም ቀምሼው አላውቅም። የመኝታ ልብሴን ጠቅልዬ ሳጃና፣ እትዬ ዘውዲቱ ግቢ፣ ከጓደኛዬ ከሃና ጋር ወደተከራየናት ክፍል ገባሁ። እነሱ እስኪመለሱ ድረስ ቀኑም ሌሊቱም የራሴ ሆነ።

ምን እንደማደርግበትም አውቅ ነበር። እናቴ አዘዞ ነበረች። ቤታችን ስልክ ስላልነበረ በየሳምንቱ ሱቅ ዐረቢ ካለው ስልክ ቤት ለጎረቤታችን ለባለሱቁ እደውላለሁ። እሱ ይጠራልኛል፤ እሷ ሮጣ መጥታ እያለከለከች ታወራኛለች። ዕረፍት ማግኘቴንና ወደ ባሕር ለመሄድ ማሰቤን ስነግራት ደስታዋ ከእኔ ባሰ።

«ያ ሙሴ የከፈለው ነው አይደል?» አለችኝ።

«እሱው ነው እማዬ።»

«እንግዲያ ሄደሽ እዪና ንገሪኝ። ቀይ የሚሉት እውነት ቀይ ሆኖ ነው? እኔማ ጣናን እንኳ ያየሁት በአውቶቡስ መስኮት ነው።»

አይቼ እነግርሻለሁ አልኳት። በሚቀጥለው ሳምንት ሳይሆን በዚያኛው፣ ከባሕሩ እንደተመለስኩ እደውልልሻለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

ሐበሻ ሽርሽር ሲያቅድ ያየ ያውቀዋል። መጀመሪያ የሚወሰነው የሚበላው ነው። ቀጥሎ እንዳይቀየም መጠራት ያለበት ሰው ይቆጠራል። የሚኬድበት ቦታ የሚነሣው ሰው ካስታወሰ ብቻ ነው። እኛም አንድ ምሽት ግቢው ውስጥ ተቀምጠን እንደዚያው አደረግን። እትዬ ዘውዲቱ ግቢውን በሙሉ ተከራይተው ለእኛ ክፍል ክፍሉን የሚያከራዩ፣ ድምፃቸው ሦስተኛ ቤት ድረስ የሚሰማ ሴት ነበሩ። በገና ጾም ዓሣ ይበላል፣ አባቶችም ፈቅደዋል፣ ስለዚህ ፖርት ሱዳን ላይ ዓሣ እስኪያንቃቸው እንደሚበሉ አስታወቁ። ጋሽ ብርሃኑ ሳጃናና ቡሪ የምትመላለስ ሃፍላ ይነዱ ነበር። እዚያ ሚኒባሱን ሃፍላ ነው የሚሉት።

«ይቺ ሃፍላ እንኳን ፖርት ሱዳን፣ ካይሮም ትደርሳለች» አሉ፣ ጎማዋን በእግራቸው መታ አድርገው።

«ወላሂ እኔ ባሕሩ ውስጥ ገብቼ አልወጣም፣ ኻላስ!» አለች ሃና። እሷ ካርቱም ተወልዳ ካርቱም ያደገች ናት፤ አማርኛዋ በየመንገዱ ዐረብኛ እያሳፈረ ነው የሚሄደው።

የጉዞ ፈቃድ ማውጣቱ ለእኔ ተሰጠኝ። የውጭ አገር ሰው ከካርቱም ሲወጣ ኢዝን ያስፈልገዋል። በታኅሣሥ ካርቱም ደግሞ መልካም ናት። የሰሜን ነፋስ ይነፍሳል፣ ሕፃናት ሹራብ ይለብሳሉ፣ በየጥጉ የግሬፕፍሩት ክምር ይታያል። እኔ ይህን ሁሉ ያየሁት ከሰልፍ ላይ ነው። መኮንኑ ሻዩን እየጠጣ «ቡክራ ተዓሊ» ይለኛል። ነገ ስመጣም ነገ ነይ ነው። በመጨረሻ በጩኸቴ ነው መሰለኝ የሁላችንንም ፈረመልኝ። ከመንገድ ትኩስ ጠዓሚያ፣ የሽምብራ ጥብስ፣ በወረቀት አስጠቅልዬ እየዘለልኩ ግቢ ገባሁ።

ሦስቱም ተቀምጠው ነበር። ሲያዩኝ እርስ በርስ ተያዩ።

«ያላ፣ ኢዝኑ ወጣ! መቼ ነው የምንነሣው?» አልኩ።

ጋሽ ብርሃኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሃፍላዋ... ራዲያተሯ ያፈሳል። ሩቅ አትችልም።»

«ያን ምሽት ካይሮ ትደርሳለች አላሉም?»

«እሱ ያን ምሽት ነው። ደሞም ባሕሩ ሰሞኑን ነፋስ አለው ይላሉ።» ከዚያ ሌላ ነገር ጠየቁኝ። «ወንድምሽ ከኒያላ መቼ ነው የሚመለሰው?»

ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን ኒያላ በሚመላለስ ሎሪ ላይ ይሠራ ነበር። የአሸዋ መንገድ ስለሆነ መቼ እንደሚመጣ እሱም አያውቅ። ከባሕር ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን አልገባኝም። ጠዓሚያውን ማንም አልነካውም።

እሺ፣ ባሕሩ ካልሆነ ወንዙ ይሁን አልኩ። ከኦምዱርማን በስተሰሜን ሰበሎቃ የሚባል፣ ዓባይ በተራራ መሐል ተጣቦ የሚያልፍበት ቦታ አለ፤ ያየ ሁሉ ያወድሰዋል። እትዬ ዘውዲቱ አዞ አለ አሉ። ሱዳኖች ከነልጆቻቸው የሚዝናኑበት ቦታ አዞ ከየት መጣ ብል፣ አዞ የሐበሻ ሥጋ ይለያል አሉኝ። እንግዲያስ ግድቡ ጋ ጀበል አውሊያ ሄደን የተጠበሰ ዓሣ እንብላ ስላቸው ደግሞ ፊታቸውን አኮሳተሩ።

«በጾም ዓሣ? እግዚኦ በይ!»

ከሳምንት በፊት በአባቶች ስም ዓሣ ያስፈቀዱት እሳቸው ነበሩ። ሰው እንደዚህ ሲሆን ምን ይባላል? ጥርሴን ነክሼ፣ ቢያንስ ቡሪ ወንዙ ዳር ወርደን ሣሩ ላይ እንዋል አልኩ። ቡሪ የሥራ ሰፈሬ ነው፤ ወንዙን በየቀኑ ቆሻሻ ልደፋ ስወጣ የማየው ነው። እሱም ብርድ አለው ተባለ። ሃና አንገቷን ደፍታ «እዚሁ ግቢ ምንጣፍ ብናነጥፍስ?» አለች። ከቀይ ባሕር ተነሥቼ የራሴ በር ላይ ደረስኩ! በዚህ ላይ ሲገቡም ሲወጡም ሁሉም ስለ ጌታሁን ይጠይቁኛል።

እኔ በበኩሌ ዳቦ ቆሎዬን ቆልቼ ጨርሼ፣ ትልቅ የወተት ጣሳ ሞልቼ ክዳኑን ጠርቅሜዋለሁ። ዕረፍቴ እንደ በረዶ እየቀለጠ ነው። ለእናቴም ስደውል አላገኘኋት። ባለሱቁ «ጠበል ገብታለች» አለኝ።

«ምን አሟት?»

«ኧረ ደኅና ናት፤ ለበረከት ነው።»

«እንግዲያ ለእኔም ጸልዪልኝ በልልኝ። ባሕሩን ሳላይ ዕረፍቴ ሊያልቅ ነው በላት።»

ባለሱቁ «እነግራታለሁ» አለ።

አንድ ማታ እራት ላይ ፈነዳሁ። ፉሉን ወደዚያ ገፍቼ ተነሣሁ። «ሰነፎች ናችሁ! ካላሰኛችሁ አንሄድም በሉ እንጂ፣ ራዲያተር፣ አዞ፣ ነፋስ እያላችሁ እንደ ሕፃን አታታሉኝ! ነገ ማለዳ ከሱቅ ዐረቢ በአውቶቡስ ብቻዬን እሄዳለሁ!»

ሃና እጄን ያዘች። «ትርሲት፣ ተይ። ሐራም ነው፣ ተይ» ብላ እያለቀሰች ወደ ክፍላችን ሮጠች። ብቻዋን ልተዋት ስለሆነ የተከፋች መሰለኝ፤ እንኳን አልቀሽ አልኩ በሆዴ። ጋሽ ብርሃኑ «ኢንሻአላህ» አሉ። እትዬ ዘውዲቱ ግን አልተቆጡኝም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በስንት ሰዓት ነው የምትነሺው?» ብቻ አሉኝ።

ሰማዩ ሲነጣ ቦርሳዬን በአንድ እጄ፣ ጣሳዬን በብብቴ ይዤ በሬን ከፈትኩ። ግቢው ሰው ሞልቷል። ለሽርሽሩ እንዳይቀየሙ ብለን የቆጠርናቸው ሁሉ አሉ፤ አንድም የቀረ የለም። ለአፍታ ሐሳባቸውን ቀይረው አብረውኝ ሊሄዱ የመጡ መሰለኝ። ደስታው ደረቴን ሞላው፤ ሳቅሁም። ከዚያ የሴቶቹ ነጠላ መዘቅዘቁን አየሁ።

እትዬ ዘውዲቱ መጀመሪያ ጣሳውን ከብብቴ ወሰዱት። «ልጄ፣ ጠንከር በይ። እናትሽ አርፋለች» አሉኝ። ከኋላዬ የሃና እጆች ወገቤን ይዘውኝ ነበር።

እናቴ የሞተችው ባሕሩን እዪልኝ ባለችኝ ሳምንት ነው። እነሱ የሰሙት ኢዝኑን ያመጣሁ ዕለት ነው። መርዶ ደግሞ የቅርብ ዘመድ ሳይኖር አይነገርም፤ ጌታሁንን ይጠብቁ ነበር። ሳልረዳ ባሕር ዳር ወርጄ ብጨፍር፣ በኋላ ራሴን እንደምጠላ ያውቁ ነበርና መንገዱን ሁሉ አንድ በአንድ ዘጉት። ብቻዬን እሄዳለሁ ስል ግን ወንድሜን መጠበቁ ቀረ።

ግቢው በጩኸት ተናወጠ። የጎረቤታችን ሱዳናዊት ሃጃ መዳፏን ዘርግታ «አልበረካ ፊኩም» እያለች፣ እንደ አገሯ ልማድ ልታጽናናን ገባች። ሰው እየበዛ ሲሄድ የሚቀርብ ጠፋና ጣሳዬን ከፈቱት። ለባሕሩ የቆላሁትን ዳቦ ቆሎ ለቀስተኛ በላው። ጌታሁን በሰልስቱ፣ አሸዋውን እንኳ ሳያራግፍ ደረሰ።

ለዓመታት ተናድጄባቸው ኖርኩ፤ እውነት ለመናገር ዛሬም አልበረደልኝም። ለሞተች ሴት «ጸልዪልኝ» ብዬ መልእክት እንድልክ እንዴት ዝም ይላሉ? እናቴ ከአፈር በታች ሆና እኔ ስለ ዓሣ እንድከራከር፣ ስለ ራዲያተር እንድሳደብ እንዴት ይተዉኛል? ሰው ኀዘኑ የራሱ ነው፤ ሌላው ሊያስቀምጥለት አይገባም። ይህን ብዬ ስጨርስ ደግሞ ወገቤን የያዙኝ እጆች ትዝ ይሉኛል። ያን ማለዳ አውቶቡስ ላይ ብቻዬን ብሰማው ኖሮ ማን ይይዘኝ ነበር? እነዚያ ሰዎችም ባሕሩን ይፈልጉት ነበር እኮ። እትዬ ዘውዲቱ ያን ዓሣ ሳይበሉት ነው የሞቱት።

ባሕሩን ያየሁት ጦርነቱ ሲያመጣኝ ነው። ቀይ አይደለም። ለማን ልንገረው?

ሰኞ ዕለት ከጎንደር ተደወለልኝ። የዮሐንስ አባት አርፈዋል። አጎቱ ከጅዳ እሑድ እስኪገባ እንዳይሰማ፣ የትም እንዳይሄድ አደራ አሉኝ። ሰፈሩ ሁሉ ተማክሮ ስልኩን ሳይቀር አስወሰደበት። እኔ ይህን መቼም አላደርግም ብዬ የማልኩት ሴትዮም ትናንት ነፋስ አለው አልኩት። ለካ ሰው የሚዋሸው ሊያታልል ብቻ አይደለም፤ አፍ እምቢ ይላል።

ዛሬ ማለዳ ግን ሁለት ያገሩን ልጆች ጠርቼ ጓዳ አስቀመጥኳቸው፣ ሲወድቅ እንዲይዙት። እጆቹን ከእነ እትዬ ዘውዲቱ ወስጃለሁ፤ ነፋሱን ግን ለእነሱው ትቼዋለሁ። ዮሐንስ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ እንደተኮሳተረ፣ ቴርሞሱን ሊወስድ ገባ።

«ዛሬስ ምን አለ?» አለኝ። «ማዕበል?»

«ምንም የለም» አልኩት። «ነፋስም የለም፤ ትናንትም አልነበረም። ና ልጄ፣ አጠገቤ ተቀመጥ።»