የማይጎድለው የፍሬን ዘይት

ፍሬኑ አልይዝ ያለኝ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ቁልቁል ስወርድ ነው። ፔዳሉን ብረግጠው እንደ ረጠበ ጥጥ ሰመጠ፤ ብደግመው ወለሉን ነካ። ማርሽ ቀነስኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ መኪናዋን ዳር አስይዤ ከድንጋይ ክምር ጋር አስጠጋኋት። ቆመች። ከኋላ የተሳፈሩት ሽማግሌ «በስመ አብ! በስመ አብ!» ይላሉ። እኔ ወርጄ ጎማዎቹን አየት አየት አደረግሁና፣ «አያ፣ ሌላ መኪና ይፈልጉ፤ ይቺ አትሄድም» አልኳቸው።

«ምነው አንተ ልጅ፣ ደም የለህም እንዴ? ልትጨርሰን እኮ ነበር!»

እውነታቸውን ነው። አልደነገጥኩም። ወንድሜን ከቀበርን ወዲህ የሚያስደነግጠኝ ነገር ጠፍቶ ነበር።

ታላቄ ነው። ኩላሊቱ ነው የገደለው፤ ተሳፋሪ የማመላልስባት መኪናም የእሱ ነበረች። ከአርባው በኋላ እናቴ ራሷ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሁለት ነበርን፤ አሁን የቀረኋት እኔ ብቻ ነኝ። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ደረቱን ሲመታ እኔ ድንኳን ስወጥር፣ ወንበር ስደረድር ዋልኩ። እንባ የሚባል አልመጣልኝም። እናቴ «ብላ» ስትለኝ እበላለሁ፣ «ተኛ» ስትለኝ እተኛለሁ። «ጠበል ሂድ» ስትለኝ ግን አልሄድም። አምጥታ ልትረጨኝ ስትል እጄን አንስቼ አስቆማታለሁ። ለጎረቤት «ይኼ ልጄ ደንዝዟል» ስትል ሰምቻታለሁ፤ እሱም ቅር አላለኝም።

ያን ቅዳሜ በአንደኛ ማርሽ እያዘገምኩ አዘዞ ቤታችን ገባሁ። እሁድ ጠዋት እናቴ ቅዳሴ ስትሄድ ከመኪናዋ ሥር ተጋደምኩ። የኋላው የግራ ጎማ በውስጥ በኩል ርሷል። በቃ፣ የሚፈሰው ከዚህ ነው ብዬ፣ ምን ያህል እንደ ጎደለ ለማየት ኮፈኑን ከፈትኩ። መቆለፊያው ከተሰበረ ቆይቷል፤ ወንድሜ በገመድ አስሮት ነው የሞተው። የፍሬን ዘይቱን ዕቃ ባየው እስከ አንገቱ ሙሉ ነው።

ይፈሳል፤ አይጎድልም። ይኼ ደግሞ የት አገር ያለ ነገር ነው? እኔ ጠብታ አልጨመርኩበትም። ጣቴን ነከርኩና አሸሁት። የፍሬን ዘይት ያሙለጨልጫል፤ ይኼ ግን እጄ ላይ እንደ ቀጭን ሻይ ወረደ፤ መልኩም የሻይ ነው። ጎማውን ፈታሁ። ውስጥ ያለችው ትንሿ የፍሬን ፓምፕ በዝገት ተበልታለች፤ ዘይቱን የምታግደው የላስቲክ ጎሚኒም ተቀድዳለች። ዝገት ዘይት ውስጥ ምን ይሠራል? ውሃ የጨመረ ሰው አለ። ግቢው ውስጥ ያለነው እኔና እናቴ ነን።

በሩ ተከፈተ። እናቴ ጥቁሯን ለብሳ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዛ ገባች። ኮፈኑን ስታይ ፊቷ በራ።

«እሰይ፣ ከፈትከው? ያ ገመድ እጄን ሊልጠኝ ነው!»

«ምን ልታደርጊ ነው እማዬ?»

«ለማኪናው ነዋ! ወንድምህ ‹እማ፣ ውሃ አቀብይኝ› እያለ ያጠጣው አልነበር? ትልቁ ክዳን እንቢ አለኝ። ይቺ ትንሿ ሸጋ ናት፣ እሺ ትለኛለች። ጎደል ባለች ቁጥር እሁድ እሁድ እሞላታለሁ። ዛሬም ሳይነጋ ጎድላ ባገኛት ቤት የነበረውን ጨርሼባታለሁ፤ ይኼ ለመድገም ነው። አንተ እንደሁ ጠበል አትወድ፤ ማኪናው እንኳ ይጠመቅና ይጠብቅህ።»

«ዛሬ ይቆይ፤ እየሠራሁት ነው» አልኳት። ጠርሙሱን ይዛ ገባች።

እኔ ጎማው ላይ ተቀመጥኩ። ትልቁ ክዳን የራዲያተሩ ነው፤ ወንድሜ ውሃ ያጠጣ የነበረው እሱን ነው። ብነግራት፣ የቀረሁላትን አንድ ልጅ በገዛ እጇ ልትገድለው እንደነበር ታውቃለች፤ ይኼን ተሸክማ የምትነሳ አይመስለኝም። ካልነገርኳት የሚመጣው እሁድ ገመዱን ፈትታ ትሞላዋለች። ክፉ ነገር ነበር፤ እኔ ግን የሌላ ሰው ጉዳይ የማስብ ያህል ነው ያሰብኩት።

በማግስቱ ጠዋት አዲስ ፓምፕ ገዝቼ ገጠምኩ። የቀረው አሮጌውን ዘይት አስወጥቶ አዲስ ዘይት መሙላት ነው። ይኼ ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ ሌላው ጎማው ሥር ሆኖ ማስተንፈሻዋን ቡሎን ይፈታል። የሚረግጥልኝ ወንድሜ ነበር። «እማ፣ ነይማ» አልኳት። ቀሚሷን ሰብስባ፣ አማትባ፣ እሱ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ርገጪ።»

«ረገጥኩ።»

«ያዢ፤ ልቀቂ እስክልሽ እንዳትለቂ።»

«ይዣለሁ።»

ማስተንፈሻዋን ስፈታት ያ የዛገ ውሃ በገጠምኩባት ቱቦ በኩል ወደ ጣሳ ወረደ። በተከፈተው በር አጎንብሳ እያየች ነበር።

«ምንድነው እሱ?»

«አሮጌ ዘይት» ማለት ምን ይከብዳል? አፌ ላይ ነበር። እሁድ ግን ይመጣል።

«ጠበሉ ነው እማዬ። ይቺ ትንሿ የፍሬኑ ናት፤ ውሃ ሲገባባት ትዝጋለች። ስትዝግ ፍሬኑ አይዝም።»

«አልያዘም እንዴ?»

«አልያዘም። ቅዳሜ ቁልቁለቱ ላይ።»

«እኔን ይድፋኝ! እኔን ይድፋኝ! በዚች እጄ...» ደረቷን መታች። እግሯን ግን ከፔዳሉ አላነሳችም፤ ያዢ ብያታለሁ። ማስተንፈሻዋን አጥብቄ «ልቀቂ» አልኳት። አልለቀቀችም። ጭራሽ አጥብቃ ረገጠችው። ተነሳሁና ዘይት በነካ እጄ ጉልበቷን ያዝኩ።

«ይኸው አለሁ። እማ፣ ልቀቂ። ከእንግዲህ ጠበሉን ለእኔ አድርጊው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ወርዳ ቤት ገባችና የትናንቱን ጠርሙስ ይዛ ተመለሰች። «ጎንበስ በል።» አጎነበስኩ። የጠዋት ብርድ ነው፤ ውሃው ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ያደረ ነው። ማጅራቴ ላይ ለቀቀችው።

«ኧረ በረደኝ! እማዬ፣ በረደኝ እኮ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ለራሴ አዲስ ሆነብኝ።

«እሰይ! ይብረድህ!» አለች። «ወንድምህ መጨረሻ ላይ ሳጠምቀው ብርዱን እንኳ አላወቀውም ነበር።»

ያኔ አለቀስኩ። ቀና ሳልል «ጨምሪልኝ» አልኳት።