ከስድስት ቀጥሎ ስምንት

ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.። እኔ ቢሆነኝ ቸሩ አጣናው፣ ከሸሕዲ ወዲያ ባለ የሰሊጥ እርሻ የሠራተኞች መዝጋቢ ነኝ።

ስለ አንድ አጫጅ እጽፋለሁ። ስሙን መዝግቤዋለሁ፤ እዚህ ላነሣው ግን አልፈቀድሁም። በምሳ ዕረፍት ጥላ ሥር ተቀምጦ አውራ ጣቱን በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግና በተሰነጠቀ ስልኩ የሠራተኞቹን ስምና የመኝታ ቁጥር የሚያሳይ የዌብሳይት ኮድ ይጽፋል። የመኝታ ቦታቸውን ከእኔ ይጠይቁ የነበሩት ሠራተኞች አሁን እርሱን ይጠይቃሉ። አንዱማ፣ «ጋሽ ቢሆነኝ፣ መዝገብዎን ዘግተው ይረፉ፤ ስልኩ ያውቀናል» አለኝ።

አጫጁን ስልኩን እንዲያሳየኝ አዘዝሁት።

«አሬይ ይባላል» አለ። «ስሞቹ በአንድ ረድፍ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ቁጥር አለው።»

ስልኩ ላይ ከስድስት ቀጥሎ ስምንት ይላል። ስሕተት ስላገኘሁበት ደስ አለኝ።

«ሰባትስ የት ገባ?»

«ወጣ። አንዱ ሲሰረዝ ሌሎቹ ከቁጥራቸው አይነቃነቁም።»

ሰባተኛው ከእርሱ ጋር ከወሎ የመጣ፣ ወባ ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዶ ያልተመለሰ ሰው ነው። እኔ በማግስቱ ስሙን ሰርዤ ከበታቹ ያሉትን ወደ ላይ አስጠግቻለሁ።

«ማስጠጋት አትችልም ማለት ነው» አልሁት።

«በአንድ መስመር ይቻላል፣ ጋሼ» አለና ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። «እኔ ነኝ መስመሯን ያልጻፍኋት።»

ዛሬ ረፋድ ሁሉም ማሳ ሳሉ፣ በእኔ ቁጥር ይሁን በእርሱ እንደሚተኙ ለማወቅ ዳሳቸው ገብቼ አየሁ። በስድስተኛውና በስምንተኛው መካከል ጓዝ የሌለበት፣ ማንም ያልተኛበት ሰሌን ተነጥፏል። በእጄ ዳሰስሁት፤ አቧራ የለበትም።