ባየሽ የለቀቀችው ክፍል

አሁን የምኖርበት ክፍል የባየሽ ነበር። ይህን ስናገር አፌ ይከብደኛል፤ ታሪኳን ጀምሬ እሱን መደበቅ ግን አልችልም።

ለማስተማር መተማ ዮሐንስ ስመጣ እትዬ ዘምዘም ግቢ ክፍል ተከራየሁ። አምስት ክፍሎች በአንድ ቆርቆሮ ስር ተደርድረዋል። እኔ የበሩን አጠገብ ያዝኩ፤ በዳሩ ባየሽና ልጇ እስከዳር ነበሩ። ባየሽ ከጎጃም የወረደችው በሃያ ዓመቷ ሰሊጥ ለማጨድ ነው፤ እዚህ ሳሉግ ከሚባሉት የወቅት ሠራተኞች ጋር። ሁለት ወር ሠርታ ልትመለስ ነበር ሐሳቧ። ትዕዛዙ የሚባል ግንበኛ አገባችና ቀረች።

ያንን የቤት ተርታ ያቆመው ራሱ ትዕዛዙ ነው። እትዬ ዘምዘም ያኔ ባላቸው ሞቶባቸው እጃቸው አጥሮ ስለነበር የጉልበቱን ዋጋ ሙሉውን መክፈል አልቻሉም። "ዳር ያለውን ክፍል ያዙ፤ እኔ እያለሁ ኪራይ አላከብድባችሁም" አሉት። ወረቀት አልተጻፈም። ትዕዛዙ ካላዛር የሚሉት የቆላ በሽታ ይዞት ከሞተ በኋላም ቃላቸውን ጠበቁ። ሌሎቻችን ሺህ ብር ስንከፍል ባየሽ የምትከፍለው አራት መቶ ነበር።

የምትሠራው ሰሊጥ መጋዘን ነው። ሴቶቹ መሬት ተቀምጠው ሰሊጡን ይነፋሉ፤ አፈሩንና ጠጠሩን ይለቅማሉ። ከሥራ ስትመለስ ቅንድቧ ሳይቀር አቧራ ለብሶ ነው፤ ሳቋ ግን ከእሷ ቀድሞ ግቢ ይገባል። እስከዳር ስምንተኛ ክፍል፣ የእኔ ተማሪ ነበረች። ጥያቄውን ጽፌ ሳልጨርስ እጇን ታወጣለች።

ከዚያ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሣ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከድንበሩ ማዶ ካለችው ጋላባት የሚሻገረው ሕዝብ መንገዱን ሞላው። ገንዘብ የያዘው ቤት ተከራየ፤ ያልያዘው ላስቲክ ወጠረ። ሊረዷቸው የመጡት የድርጅት ሠራተኞችም ማደሪያ ፈለጉ፤ እነሱ የስድስት ወር አስቀድመው ይከፍላሉ፣ ዋጋ አይከራከሩም። በአካባቢያችን ገጠር ግጭት ተነሥቶ የተፈናቀለውም ወደ ከተማ ገባ። በግጭቱ መንገዱ በየጊዜው ስለሚዘጋ ሲሚንቶና ቆርቆሮ እንደልብ አይመጣም፤ አዲስ ቤት የሚሠራ የለም። ደላሎች ጠዋት ጠዋት በየግቢው እየዞሩ "የሚለቀቅ ክፍል የለም?" ማለት ጀመሩ። የእኔ ኪራይ በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ጨመረ፤ ደመወዜ ግን ንቅንቅ አላለም። የባየሽ ገቢ ጭራሽ ቀነሰ፤ መንገድ ሲዘጋ ሰሊጥ ከእርሻው አይወጣም፣ ሰሊጥ ከሌለ ሥራ የለም።

እትዬ ዘምዘም በዚያ ሁሉ መሐል ባየሽን አልነኳትም። በኋላ ግን ካርቱም ውስጥ ሃያ ዓመት ሱቅ የነበረው ወንድማቸው ሐሚድ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ፣ ከለበሱት በቀር ምንም ሳይኖራቸው መጣ።

አንድ ቅዳሜ ደጄ ተቀምጬ ፈተና ሳርም እትዬ ዘምዘም ወደ ባየሽ በር ሄዱ። በርጩማ ብታቀርብላቸው አልተቀመጡም።

"ባየሽ፣ ልጄ፣ በምን አፌ ልንገርሽ?"

"ይንገሩኝ እትዬ።"

"ሐሚድን አይተሽዋል። ሰባት ነፍስ ነው። የማበላቸው ከእነዚህ ክፍሎች ነው፤ ሌላ ምን አለኝ? ለዚህ ክፍል አምስት ሺህ እናመጣለን እያሉ ደላሎቹ መውጫ አሳጥተውኛል። ወላሂ ጆሮዬን ደፍኜ ነው የከረምኩት። አሁን ግን ኸላስ፣ አቃተኝ።"

ባየሽ በርጩማውን ወደ ግድግዳው አስጠጋች። የትዕዛዙን ስም ታነሣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላነሣችም።

"ሁለት ሺህ ብከፍልስ?"

"ከየት አምጥተሽ?"

እትዬ ዘምዘም በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ይባስ ብለውም አለቀሱ። ያባበለቻቸው ባየሽ ናት። "እርስዎ ምን ያድርጉ እትዬ፤ ነፍስ ነው የያዙት" አለቻቸው።

አንድ ወር ሰጧት። ከሥራ በኋላ ከተማውን ስትዞር ከረመች። አንዱ ማድቤቱን በመጋረጃ ከፍሎ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ጠየቃት። በከተማው ጠርዝ ያገኘችው የጭቃ ጎጆ በር እንኳ አልነበረውም፤ በማግስቱ እሱም ተያዘ።

በዚያው ሰሞን የእኔም ኪራይ ከአቅሜ አለፈ። አለምሰገድ የሚባል የሥራ ባልደረባዬም ከነበረበት ግቢ እንዲለቅ ተነግሮታል።

"የዳሩ ክፍል ሰፊ ነው" አለኝ። "ከአንድ ሌላ መምህር ጋር ሦስት ሆነን ብንይዘው ያዋጣናል።"

"ባየሽ አለችበት እኮ!"

"እኛ ባንይዘው ነጋዴ ይይዘዋል። እሷ እንደሆነ መልቀቋ አይቀርም።"

እውነቱን ነበር። እውነት መሆኑ ግን አላቀለለልኝም። ሦስት ደመወዝ ተደምሮ የአንዲት ሴትን ጉልበት አሸነፈ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ከሌላ ሰው ከምትሰማ ብዬ ራሴ ነገርኳት። "እንኳን አንተ ሆንክ" አለች። ቀጥላ በክረምት ጣሪያው በየት በኩል እንደሚያፈስ አሳየችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እሷ ከከተማው ርቆ ወዳለ ሰፊ እርሻ፣ ለሳሉጎች ምግብ ልታበስል ተቀጠረች። እዚያ ማደሪያው የሣር ዳስ ነው፤ ትምህርት ቤት የለም። እስከዳርን ሳንጃ ከተማ ወዳለችው የትዕዛዙ እኅት ላከቻት። የሚሄዱ ቀን ልጅቷ ደብተሮቿን በማዳበሪያ ከረጢት ይዛ መጣችና ተሰናበተችኝ።

"ቲቸር፣ የሳንጃ ዘጠነኛ ክፍል ከዚህኛው ጋር አንድ ነው አይደል?"

"አንድ ነው" አልኳት። "አንድም ሳይቀየር።"

ከዓመት በላይ አላየኋቸውም። ባለፈው ሰኔ፣ እሑድ ቀትር ላይ፣ ባየሽ መጣች። ወባ ደጋግሞ ጥሏት ጉንጯ ገብቷል። ወደ ውስጥ ግቢ ብላት ከደፍ አላለፈችም፤ ሦስቱን አልጋ አንድ በአንድ አይታ ደጅ ተቀመጠች። ውኃ ሰጠኋት።

"እስከዳርስ?"

"ተዳረች።"

አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር።

"አክስቷ ምን ታድርግ" አለች ባየሽ። "እሷም ተከራይ ናት። ሳንጃም የቤት ኪራይ እንደዚሁ ጨመረ። አንድ አፍ ሲቀንስላት ይቀላታል። እኔም የሰማሁት ካለቀ በኋላ ነው።"

"ትምህርቷስ?"

"ባሏ ደግ ነው ይላሉ።"

ብርጭቆውን ተቀበልኳት።

እትዬ ዘምዘም ድምጿን ሰምተው ወጡና አቀፏት፤ ቶሎም አለቀቋት። ምሳ ብይ ቢሏት መኪናው እንዳያመልጠኝ አለች። ወደ እርሻው የሚሄደው አይሱዙ የሚቆምበት ድረስ ሸኘኋት። ማሽላ በተጫነበት ላይ ከሌሎች ሴቶች ጋር ወጣች፤ ከፀሐዩ ለመከለል ነጠላዋን ግንባሯ ድረስ ሳበች።

ኪራዩ አሁን ስንት እንደደረሰ አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳት። አለምሰገድ ኪራዩን የሚጋራን አራተኛ ሰው መፈለግ ጀምሯል።