ከሕይወት ታሪካቸው የተሰረዘው አንቀጽ

በመካነ ኢየሱስ ከተማ ለረጅም ዓመታት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያገለገሉት እትዬ የሺመቤት ከዚህ ዓለም ድካም ማረፋቸውን እርሳቸውን የምታውቁ ሁሉ ሰምታችኋል። በቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ያነበብኩት ግን እውነት አልነበረም፤ ይህን የምጽፈው ያንን ለማረም ነው።

እትዬ የሺመቤት ልብ ወለድ ያነቡ ነበር። የወንጀል ምርመራ ቢሆን፣ የጥንት ነገሥታት ዘመን ቢሆን፣ ወደ ከዋክብት ስለሚጓዙ ሰዎች ቢሆን፣ ጠርዙን አይጥ የበላውን ሳይቀር ያነቡ ነበር። ዕውቀት ፍለጋ አልነበረም፤ ደስ ስለሚላቸው ነበር። «ቀኑን ሙሉ በቀጠሮ የሚንከባለል መዝገብ ሳገላብጥ እውላለሁ» ይሉኝ ነበር፤ «ቤቴ ስገባ መቋጫ ያለው ነገር ያምረኛል። የወንጀል መጽሐፍ ገዳዩን ሳይነግረኝ አያሰናብተኝም።» የታሪክ ልብ ወለድ ለምን እንደሚወዱ ሲጠየቁ ደግሞ፣ «የሞቱ ሰዎች ጠብ ነው፤ ምስክር ሁኚ ብሎ የሚጠራኝ የለም» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ስለ ጨረቃ ሰፋሪዎች የተጻፈ መጽሐፍ ይዘው ብቻቸውን ሲስቁ አገኘኋቸው። «የእኛው ጉድ እኮ ነው፤ እዚያም ሄደው ድንበር ተጋፉ» አሉኝ።

እኔ ያን ጊዜ የሥነ ጽሑፍ ዲግሪዬን ይዤ የመጣሁ መምህርት ነበርኩ። «ይህ እኮ ጊዜ ማሳለፊያ ነው፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ታዲያ አንቺ ጊዜውን ምን ልታደርጊው ነው፣ ልታስቀምጪው?»

እኔ ግን ንቀቴን ይዤው ቆየሁ።

ከስማዳ አዋሳኝ ቀበሌ በእግሯ የምትመጣ ጥሩወርቅ የምትባል የመሬት ተከራካሪ ነበረች። ምስክር ቀርቶባት መዝገቧ እንደገና ሲቀጠር፣ «ከእንግዲህ አልመለስም፤ መሬቱን ይውሰደው» ብላ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። እትዬ የሺመቤት ምሳቸውን ትተው አጠገቧ ተቀመጡና ያን ሰሞን የያዙትን የወንጀል ታሪክ ይተርኩላት ጀመር። ገዳዩ ሊታወቅ ሲል ተነሡ።

«ኧረ በማርያም፣ ማን ገደለው?»

«በቀጠሮሽ ቀን ነይና እነግርሻለሁ።»

መጣች። በየቀጠሮው አዲስ ታሪክ እየተጀመረላት እስከ ፍርዱ ዘለቀች፤ መሬቷም ተፈረደላት።

ይህን ሁሉ በጻፍኩት የሕይወት ታሪክ ውስጥ በአንድ አንቀጽ አስገብቼው ነበር። የቀብር ኮሚቴው አባላት ግን፣ አንድ መጽሐፍ እስከ መጨረሻው ገልጠው የማያውቁ የተከበሩ ሰዎች፣ አንቀጹን አይተው ተሸማቀቁ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኅቴ፣ ይኼ ነፍሰ ገዳይ፣ ጨረቃ ምናምን ለባልቴት ነውር አይሆንም? ካህናት ባሉበት?»

«‹መንፈሳዊ መጻሕፍትን በማንበብ ይታወቁ ነበር› በይው» አሉ ሌላው፤ «ማን ያጣራል?»

የእትዬ የሺመቤት የነፍስ አባት ራሳቸው የነገሥታቱን ልብ ወለድ ከእርሳቸው ተውሰው ያነቡ እንደነበር የጠየቀ አልነበረም። እነዚህ ሟችን ለማክበር ሲሉ ሟችን ከገዛ ታሪኩ የሚያስወጡ ሰዎች ናቸው። ለመንፈሳዊ መጻሕፍትም ቢሆን ያላቸው አክብሮት በሩቁ ነው። እኔም አንቀጹን ሰርዤ ያሉኝን ጻፍኩ። ከእነርሱ የምለየው የማደርገውን እያወቅኩ በማድረጌ ብቻ ነው።

አንብቤ ስጨርስ ጥሩወርቅ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ወደ እኔ መጣች። «እታለም፣ ዛሬ ሌላም ሰው ይቀበራል እንዴ?» አለችኝ።

«የለም።»

«እንግዲያ አሁን የተነበበው የማን ነው?»

እትዬ የሺመቤት፣ በሕይወትዎ ሳሉ ንባብዎን ናቅኩት፤ በቀብርዎ ቀን ደግሞ ካድኩት። ሁለተኛው ይብሳል። ኮሚቴው ይህን ጽሑፍ ሲያይ ስምዎን አጎደፈች ይለኝ ይሆናል፤ ይበል። እርስዎ ለደስታዎ ያነበቡ፣ በዚያው ደስታዎ ተስፋ የቆረጠ ሰው ያቆሙ ሴት ነበሩ። ይህ ነውር ከሆነ በስምዎ ላይ ይኑር፤ ዳግመኛ የምሰርዘው እኔ አልሆንም። በሰላም ይረፉ።